ዮጋ ለሯጭ፦ ጥቅሙ ከእምነቱ ይለያል?

የረጅም ርቀት ሯጮች ዮጋን ወደ ልምምዳቸው የሚያስገቡት በአብዛኛው ለሰውነታቸው ብለው ነው። ቋንጃቸው እንዲላላ፣ ዳሌያቸው እንዲፍታታ፣ ወገባቸው እንዲጠነክር፣ ከከባድ ልምምድ በኋላ ቶሎ እንዲያገግሙ ይፈልጋሉ። ዮጋ ግን ለዚህ አልተፈጠረም። ሕንድ ውስጥ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያደገው ሰው ከሥቃይና ከዳግም ውልደት ዑደት የሚላቀቅበት መንገድ ሆኖ ነው፤ ሰውነት በዚያ መንገድ ላይ መሣሪያ እንጂ መድረሻ አልነበረም። እንግዲህ ለአርነት የተቀየሰን መንገድ ሰዓት ለማሻሻል ማዋል ይቻላል ወይ? የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ሯጭስ ጥቅሙን ወስዶ እምነቱን ሊተው ይችላል? ይህን ለመመለስ ጥቅሙ ራሱ ምን እንደሆነና ከየትኛው የዮጋ ክፍል እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥንታዊው የዮጋ ትምህርት ተጠቃሎ የሚገኘው በፓታንጃሊ ስም በሚጠራው ዮጋ ሱትራ ነው። መጽሐፉ 195 ያህል እጅግ አጫጭር አንቀጾች አሉት፤ ብዙ ምሁራን ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አምስት መቶ ዓመታት ውስጥ እንደ ተጠናቀረ ያምናሉ። መንገዱን በስምንት ይከፍለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሥነ ምግባር ናቸው። ያማ የሚባለው ሰው ከሌሎች ጋር የሚኖርበትን ሥርዓት ይደነግጋል፦ ሕይወት ያለውን አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ፣ ፍትወትን መግታት፣ ለንብረት አለመስገብገብ። ኒያማ ሰው ከራሱ ጋር የሚኖርበት ነው፦ ንጽሕና፣ ባለው መርካት፣ ታፓስ የተባለው ተጋድሎ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን እያጠኑ ራስን መመርመር፣ ራስን ለኢሽቫራ ማለትም ለጌታ ማስገዛት። ሦስተኛው አሳና፣ የሰውነት አቀማመጥ ነው፤ አራተኛው ፕራናያማ፣ እስትንፋስን መግራት። ከዚያ የስሜት ሕዋሳትን ከውጭው ዓለም መሰብሰብ፣ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ያንኑ ሳያቋርጡ ማሰላሰል፣ በመጨረሻም ሳማዲ የተባለው ፍጹም ተመስጦ ይከተላሉ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ አሳና በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት አንቀጾች ብቻ ናቸው። የሚጠይቁትም አቀማመጡ የጸናና የማያስጨንቅ እንዲሆን ነው፤ ለማሰላሰል ረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ሰውነቱ እንዳይረብሸው። በአንድ እግር መቆም፣ እጅን መሬት አስነክቶ ወገብን ወደ ላይ ማንሣት፣ ጭንን ከፍቶ ዝቅ ማለት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሉም። ሃታ ዮጋ የተባለው በሰውነት ላይ የሚያተኩር ዘርፍ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው በጽሑፍ የተስፋፋው። በ15ኛው መቶ ዘመን ስቫትማራማ ያዘጋጀው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ እንኳ የሚገልጸው 15 አሳናዎችን ነው፤ ብዙዎቹም ተቀምጦ የሚሠሩ ናቸው።

ዛሬ በስፖርት ቤቶች የሚታየው ዮጋ መልኩን የያዘው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ነው። በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክሪሽናማቻርያ በማይሶር ቤተ መንግሥት ለወጣቶች ያስተምር ነበር። ከእርሱ የተማሩት ፓታቢ ጆይስ፣ ኢንድራ ዴቪና ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ትምህርቱን ወደ ዓለም አወጡት። በ1966 የታተመው የአየንጋር መጽሐፍም በብዙ አገር የአሳና መማሪያ ሆነ። የታሪክ ተመራማሪው ማርክ ሲንግልተን በ2010 ባወጣው ጥናት፣ ይህ በቁም የሚሠራና እየተቀያየረ የሚፈስ ዮጋ ከአውሮፓ ጂምናስቲክ ብዙ እንደ ወሰደ ተከራክሯል። የፀሐይ ሰላምታ የተባለው የእንቅስቃሴ ሰንሰለትም፣ ለፀሐይ ከሚቀርበው የሂንዱ ስግደት ጋር የተያያዘ ሆኖ ሳለ፣ በ1920ዎቹ የአውንድ ግዛት ገዥ የነበሩት ባዋንራኦ እንደ ሰውነት ማጎልመሻ አስፋፍተውታል። ይህ ታሪክ ለክርክሩ ክብደት አለው። ሯጩ የሚሠራው እንቅስቃሴ ጥንታዊ ምስጢር ነው ብለው የሚያሞግሱትም፣ ጥንታዊ ጣዖት ነው ብለው የሚያወግዙትም በአንድ ነገር ይስታሉ፤ የእንቅስቃሴው ትልቁ ክፍል በዘመናችን ዋዜማ ከብዙ ምንጭ ተሰብስቦ የተሰፋ ነው።

ወደ ሰውነት ጥቅሙ ሲመጣ፣ ሩጫ አንድ እንቅስቃሴን እልፍ ጊዜ መደጋገም ነው። በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ የሚረግጥ ሯጭ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 10,000 ጊዜ ይረግጣል፤ እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነቱን ክብደት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ወደ እግሩ ይመልሳል። እንቅስቃሴው ወደፊት ብቻ ስለሆነ ወደ ጎን የሚያንቀሳቅሱና አካልን የሚያዞሩ ጡንቻዎች ሥራቸው ይቀንሳል።

ዮጋ ለሯጭ ይጠቅማል ሲባል በቅድሚያ የሚጠቀሰው መላላት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ከሚገባው በላይ ተስፋ ይሰጣል። የእግር ጅማቶች፣ በተለይ ከባት ወደ ተረከዝ የሚወርደው፣ እግር መሬት ሲረግጥ ኃይል አጠራቅመው በመስፈንጠር ጊዜ ይመልሳሉ። ለዚህም መጠነኛ ግትርነት ይጠቅማቸዋል፤ ከሯጮች መካከል ጎንበስ ብለው እግራቸውን መንካት የሚቸገሩት በአንዳንድ ጥናቶች ላይ ኦክስጅንን በቁጠባ የሚጠቀሙ ሆነው ተገኝተዋል። ከሩጫ በፊት አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይዞ ማሳሳብ ጉልበቱን ለጊዜው ይቀንሳል። በ2011 የወጣ ሰፊ የምርምር ግምገማም ከእንቅስቃሴ በፊትም ሆነ በኋላ ማሳሳብ በማግስቱ የሚሰማውን የጡንቻ ሕመም ትርጉም ባለው መጠን እንደማያስቀር አሳይቷል። ሯጩ መገጣጠሚያዎቹ ለእርምጃው የሚበቃ ያህል ከተንቀሳቀሱለት ይበቃዋል።

ሌሎቹ ጥቅሞች የተሻለ መሠረት አላቸው። ሩጫ ከአንድ እግር ወደ ሌላ እግር መዝለል ስለሆነ ሯጭ ሁለቱን እግሮቹን በአንድ ጊዜ መሬት አያስነካም። በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያስተምሩ አሳናዎች ዳሌ ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚይዙትን ጡንቻዎችና ቁርጭምጭሚትን የሚያረጉትን ትንንሽ ጡንቻዎች ያሠራሉ። በእጅና በእግር ጣት ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ የወገብንና የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል። በልምምዱ መጨረሻ በጀርባ ተንጋልሎ መተኛት ደግሞ ዕረፍት ማድረግ ለማይችል ሰው ዕረፍትን የሥልጠና ክፍል ያደርግለታል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

እስትንፋስ ከሰውነት ወደ ሐሳብ መሻገሪያ ነው። ብራምብልና ካሪየር በ1983 ባሳተሙት ጥናት የሰለጠኑ ሯጮች እስትንፋሳቸውን ከእርምጃቸው ጋር እንደሚያቀናጁ፣ ብዙ ጊዜም ለሁለት ዙር እርምጃ አንድ እስትንፋስ እንደሚሆን አሳይተዋል። ይህ በአብዛኛው ሳይታሰብ የሚሆን ነው። ፕራናያማ የሚጨምረው ያንን ሳያስቡ የሚሆነውን ነገር ማየትን ነው። ቀስ ብሎ በሆድ መተንፈስ ሳንባን አያሰፋም፣ የሯጩንም የኦክስጅን አቅም ከፍ አያደርግም፤ የልብን ምት ያረጋጋል፣ ከውድድር በፊት ያለውን ድንጋጤ ይቀንሳል፣ ከልምምድ በኋላ ሰውነት ወደ ዕረፍት እንዲመለስ ያግዛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ልብ ማለት ነው። ሞርጋንና ፖሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1977 ባወጡት ሥራ፣ ታላላቅ የማራቶን ሯጮች ሲሮጡ ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ነገር እንደማያሸሹ ገልጸዋል። እስትንፋሳቸውን፣ የእግራቸውን ስሜት፣ የትከሻቸውን መወጠርና መላላት እየተከታተሉ ፍጥነታቸውን ያስተካክላሉ። ዝቅ ባለ ደረጃ ያሉት ግን ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ለመርሳት በሐሳብ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ይህ ከዮጋ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍሎች ጋር የሚገጥም ነው፦ ስሜትን ከውጭ መሰብሰብ፣ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ። አሳናን በዝግታ የሚሠራ ሰው ከሚሰማው ነገር ጋር መቆየትን ይለማመዳል፤ የትኛው ሕመም የድካም፣ የትኛው የጉዳት መሆኑን መለየት ይጀምራል። ይህን መለየት ለሯጭ ትልቅ እውቀት ነው፤ ከጉዳት አንዳንዱ የሚመጣው ሰውነት ያስጠነቀቀውን ባለመስማት ነውና።

ስለዚህ ሯጩ ከዮጋ የሚያገኘው ዋናው ጥቅም እርሱ ከሚፈልገው ከመላላት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከሚዘልለው ክፍል ይመጣል። እዚህ ላይ ነው የሰውነቱ ጥያቄ የፍልስፍና ጥያቄ የሚሆነው፤ ልብ ማለትን ከሥነ ምግባሩ መነጠል ይከብዳልና። ታፓስ ሰው ለታላቅ ነገር ብሎ ችግርን ወድዶ መቀበሉ ነው፤ ሯጭ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በዮጋ ግን ታፓስ ብቻውን አይቆምም። ሱትራውን የሚያብራራው የቪያሳ ሐተታ አለመጉዳትን የሌሎቹ ሥነ ምግባሮች ሁሉ ሥር ያደርገዋል። ባጋቫድ ጊታ የተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍም ከመጠን በላይ ለሚበላም ጨርሶ ለማይበላም፣ ብዙ ለሚተኛም ራሱን እንቅልፍ ለሚነሣም ዮጋ እንደማይሆን ይናገራል፤ ለታይታና በትዕቢት ሰውነታቸውን የሚያሠቃዩትንም ይነቅፋል። አለመጉዳት በመጀመሪያ የሚመለከተው ሌላውን ፍጥረት ነው፤ የዘመኑ መምህራን ወደ ራስ አካል ዘርግተውታል፤ ጊታ ከሚሰጠው ወቀሳ አንጻር ግን ይህ ዝርጋታ ከባሕሉ የወጣ አይደለም። በተሰበረ አጥንት ላይ የሚሮጥ ሰው ጀግና ተብሎ በሚመሰገንበት ዓለም ይህ ትምህርት ከባድ ተግሣጽ ነው።

ጊታ የሚያስተምረው ሌላው ነገር ከዚህም ይከብዳል፦ ሰው የሚገባውን ሥራ እንዲሠራ፣ የሥራውን ፍሬ ግን የሥራው ምክንያት እንዳያደርግ። ፓታንጃሊም ሐሳብ የሚረጋው በማያቋርጥ ልምምድና ከምኞት በመላቀቅ ነው ይላል፤ ሁለቱ አብረው እንጂ አንዱ ብቻ አይበቃም። ሯጭ ልምምዱን ያውቃል፤ መላቀቁ ነው የሚጎድለው። የወራት ዝግጅት በአንድ ጠዋት ሙቀት፣ በአንድ የጎን ውጋት፣ ከእርሱ በተሻለ ተፎካካሪ ከንቱ ሊመስል ይችላል። ውጤቱን የልምምዱ ብቸኛ ምክንያት ያደረገ ሰው ውጤቱ ሲቀር ሁሉም ይቀርበታል፤ ሩጫውን ራሱን እንደሚገባ ሥራ የሠራ ሰው ግን ሲሸነፍም የሠራው አለ።

እዚህ ውስጥ ግን እንቅፋት አለ። መላቀቅ ሰዓትን ያሻሽላል ተብሎ ለሰዓት ሲባል የሚላቀቅ ሰው በእርግጥ ተላቋል? የስፖርት ሥነ ልቦና ሯጮችን ስለ ውጤት ማሰብ ትታችሁ እርምጃችሁን ብቻ አስቡ ይላቸዋል፤ ምክሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ውጤቱን በሌላ በር መልሶ ያስገባል። በጊታ ዓይን ይህ ገና ንግድ ነው። ሆኖም የዮጋ መምህራን ጀማሪውን በንጹሕ ልብ ካልመጣህ አትምጣ አይሉትም፤ ሰው በትንሽ ምክንያት የጀመረው ልምምድ ቆይቶ ምክንያቱን ሊለውጠው ይችላል። ሰዓቱን ለማሻሻል የጀመረ ሯጭ ከዓመታት በኋላ ዋናው ነገር ሰዓቱ እንዳልሆነ ቢደርስበት መንገዱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ሩጫ ራሱ ዮጋ እንዲሆን የተሞከረበት ቦታም አለ። በቤንጋል ተወልዶ በ1964 ኒው ዮርክ የገባው የመንፈሳዊ መምህሩ ስሪ ቺንሞይ (1931–2007) ተከታዮቹን እንዲሮጡ ያስተምር ነበር። በ1997 የጀመረው የ3,100 ማይል ውድድር፣ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኩዊንስ አንድ የትምህርት ቤት ዙሪያ በ52 ቀናት ውስጥ ይሮጣል። ዙሩ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሯጮቹ ከ5,600 ጊዜ በላይ ይዞሩታል። የሚያዩት አዲስ አገር የለም፤ አስፋልት፣ አጥር፣ እንደገና ያው አስፋልት። የውድድሩ ትርጉም ሰው ራሱን እንዲያልፍ ነው፤ የሩጫው መደጋገም የጸሎት መደጋገምን ቦታ ይይዛል። እዚህ ጥቅሙና እምነቱ አልተለያዩም፤ ሯጩ ይህን ያውቃል፣ መርጦም ይገባል። የሚያስቸግረው እምነቱ ሳይነገር ጥቅሙ ብቻ ሲሸጥ ነው።

የእምነት ተቋማት ያነሡት ስጋት ከዚህ የሚመነጭ ነው። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት በ2008 እንቅስቃሴን ከአምልኮና ከማንትራ (እየተደጋገመ ከሚባል ቅዱስ ቃል) ጋር የሚያጣምር ዮጋ ለሙስሊሞች ሐራም ነው አለ፤ የኢንዶኔዥያ የዑለማ ምክር ቤት በ2009 አምልኮና ማንትራ ያለበትን ከልክሎ እንቅስቃሴ ብቻ የሆነውን ፈቀደ። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ በ2020 ዮጋ የሂንዱ እምነት አካል ስለሆነ ከኦርቶዶክስ እምነት ጋር እንደማይስማማ አስታወቀ። ቫቲካን በ1989 ባወጣው፣ ካርዲናል ራትዚንገር በፈረሙበት ደብዳቤ የተሻለ ልዩነት አደረገ፦ የሰውነት አቀማመጥ ጸሎትን ሊያግዝ ይችላል፤ ነገር ግን ከእንቅስቃሴው የሚመጣን የመረጋጋት ስሜት የመንፈስ ቅዱስ መጽናናት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። በሌላ በኩል የሂንዱ አሜሪካን ፋውንዴሽን በ2010 ዮጋ ሂንዱ ሥሩ ተቆርጦ መሸጡን ተቃወመ። በ2013 በካሊፎርኒያ ኢንሲኒታስ ወላጆች የትምህርት ቤቱን የዮጋ ትምህርት ከስሰው ሲከራከሩ፣ ዳኛው ዮጋ ሃይማኖታዊ ሥር ቢኖረውም በዚያ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሃይማኖታዊ አይደለም ብለው ፈረዱ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2015 አጸናው። አጥባቂው ክርስቲያንና አጥባቂው ሂንዱ በዚህ ነገር መስማማታቸው ሊናቅ አይገባም፤ ሁለቱም ሰውነት የሚሠራውን ነገር ነፍስ አትሰማም የሚለውን አይቀበሉም።

ይህን የኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም በደንብ ያውቃሉ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዕለተ ስቅለት ከጠዋት እስከ ማታ ይሰግዳሉ፤ በማኅሌት ካህናት መቋሚያ ይዘው ሌሊቱን ይቆማሉ፤ ሙስሊሙ በየዕለቱ ሩኩዕና ሱጁድ ያደርጋል። በለንደን ኦሊምፒክ በ2012 መሠረት ደፋር 5,000 ሜትር አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ አሳየች፤ በዚያው ትራክ ላይ ሞ ፋራህ ካሸነፈ በኋላ ግንባሩን መሬት አስነካ። ሰውነት ይጸልያል። ነገር ግን ያው የኦርቶዶክስ ትምህርት የአምልኮ ስግደትና የጸጋ ስግደት ብሎ ይለያል። አንገት የሚደፋው፣ ጉልበት የሚታጠፈው፣ ግንባር መሬት የሚነካው በአንድ ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው ለእግዚአብሔር ብቻ የሚቀርብ ሲሆን ሁለተኛው ለእመቤታችን፣ ለመላእክትና ለቅዱሳን ይሰጣል። የሚለያቸው የሰጋጁ ልብ ለማን እንደሚያቀርበው ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሲታይ፣ ለማንም ያልቀረበ ጎንበስ ማለት ጡንቻን ማሳሳብ እንጂ አምልኮ አይሆንም፤ ማንትራ እየተደገመ፣ ለሌላ አምላክ ተሰጥቶ የሚሠራው ግን ስሙ ስፖርት ቢባልም አምልኮ ነው። ስጋቱ ትክክል የሚሆነው ይህን ድንበር ሲጠብቅ ነው፤ የእግር መዘርጋትን በራሱ ሲፈራ ቦታውን ይስታል።

የእስትንፋስ ነገርም ተመሳሳይ ነው። ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎች በላቲን የካቶሊኮችን የሮዛሪ ጸሎት ሲያደርሱና ማንትራ ሲደግሙ ለኩ፤ ሁለቱም እስትንፋስን በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ ዝቅ አደረጉት፣ የልብንም ምት በተመሳሳይ መንገድ አስተካከሉት። በ14ኛው መቶ ዘመን የአቶስ ተራራ መነኮሳት የኢየሱስን ስም ከእስትንፋሳቸው ጋር ሲደግሙ፣ ባርላም የተባለ መነኩሴ ነቅፏቸው ከእነርሱ ወገን የነበረው ጎርጎርዮስ ፓላማስ ተከራክሮላቸዋል። ሳንባ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም። ጸሎት ግን ሳንባ ላይ ከሚያደርገው በላይ ነው፤ ስለዚህ ልኬቱ ሁለቱ ጸሎቶች አንድ ናቸው አያሰኝም፣ ሰውነት በዝግታ ሲተነፍስ እንዴት እንደሚረጋጋ ብቻ ይናገራል። ያን መረጋጋት ሯጩ ያለ ማንትራም ያገኘዋል፤ ጸሎት የሚወድድ ከሆነም በራሱ ጸሎት ያገኘዋል።

እውነተኛው ልዩነት ያለው በፍጻሜው ላይ ነው። ለፓታንጃሊ የሰው እውነተኛ ማንነት ፑሩሻ ነው፣ ንጹሕ ተመልካች፤ ሰውነትም ሐሳብም የፕራክሪቲ፣ የተፈጥሮ ወገን ናቸው። ሳማዲ የሚያደርሰው ተመልካቹ ከሁለቱም ተለይቶ ብቻውን ወደሚቆምበት ነው። ክርስትናና እስልምና ግን ሰው ያለ ሥጋው ሙሉ እንዳልሆነ፣ ሥጋም እንደሚነሣ ያስተምራሉ። ሯጩ እስትንፋሱንና እርምጃውን የሚያስተውለው ደግሞ ሥጋውን ጥሎ ለመሄድ ሳይሆን በሥጋው ውስጥ በደንብ ለመኖር ነው። ስለዚህ አንድ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ሯጭ ሚዛንን በሚያስተምረው አሳና፣ በዝግታው እስትንፋስ፣ ስሜትን በመሰብሰቡና ሐሳብን በማሳረፉ ከዮጊው ጎን ሊሄድ ይችላል፤ አለመጉዳትንና ተጋድሎን በራሱ ጾምና ትእዛዝ ውስጥ ያገኛቸዋል፤ ራስን ለኢሽቫራ ማስገዛትንና ከሰውነት ተለይቶ የመቆምን ፍጻሜ ግን አብሮ ሊወስዳቸው አይችልም። ለዮጊው ያለ እነዚህ ሁለቱ የተቀረው ጉዞ ያልተጨረሰ ነው፤ ለሯጩ ግን የሚፈልገው ሁሉ ከእነርሱ ውጭ ባሉት ክፍሎች ውስጥ ይገኛል።